ጣና ዳር ጥላ ለሚያሠራ ሰው፦ በእጅ፣ በሲኤንሲ፣ በፕላዝማ ወይስ በስሪዲ ፕሪንተር?

ባሕር ዳር ውስጥ የእንግዳ ማረፊያ ወይም ቡና ቤት ሊከፍት የተነሣ ሰው ወደ እኔ ሲመጣ ብዙ ጊዜ ስልኩን አውጥቶ አንድ ፎቶ ያሳየኛል። ፎቶው ጣሪያው እንደ ጨርቅ የታጠፈ፣ ግድግዳው እንደ ማር እንጀራ የተበሳሳ የውጭ አገር ሕንፃ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄም ያው ነው፦ «ይህን በሲኤንሲ፣ ማለትም በኮምፒውተር በሚታዘዝ መቁረጫ ማሽን፣ ማሠራት ይቻላል?» መልሱ በአብዛኛው «ይቻላል» ነው። እኔ ግን ከመመለሴ በፊት አንድ ነገር እጠይቃለሁ፦ ይህ ነገር ስንት ዓይነት ቁራጭ አለው?

ስንት ቁራጭ አላልኩም፤ ስንት ዓይነት። ልዩነቱን በምሳሌ ላሳይ። ዲያሜትሩ 6 ሜትር፣ ከወራጁ ግርጌ እስከ ጉልላቱ ከፍታው 2.4 ሜትር የሆነ ክብ ጥላ እንሥራ። 24 ወራጅ ብንደረድርበት የእያንዳንዱ ርዝመት፣ ወደ ውጭ የሚወጣውን ትርፍ ሳንቆጥር፣ 3.84 ሜትር ይሆናል። ሁሉም አንድ ነው፤ ጫፋቸው የሚቆረጥበት ማዕዘንም አንድ ነው። አናጺው አንዱን አስተካክሎ ይቆርጥና ቀሪዎቹን 23 በእሱ ላይ እያስተኛ ይጨርሳል። ለዚህ ሥራ ማሽን መፈለግ ብር መበተን ነው። የዘጌ ክብ አብያተ ክርስቲያናት፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን የመሰሉት፣ ሰፊ ሾጣጣ ጣሪያ ተሸክመው የሚኖሩት በዚህ ቅርጽ ነው። ክብ በችንካርና በገመድ ይወጣል፤ ክብ ከሆነ ደግሞ ወራጁ ሁሉ ወንድማማች ነው።

አሁን ያንኑ ጥላ ርዝመቱ 8፣ ወርዱ 5 ሜትር ወደሆነ ሞላላ እንለውጠው። 24ቱ ወራጆች በ15 ዲግሪ ልዩነት ቢደረደሩ 7 ዓይነት ርዝመት ይኖራቸዋል። ባለቤቱ «ሐይቁን የሚያየው ጎን ከፍ ይበል፣ የመንገዱ ጎን ዝቅ ይበል፣ ጉልላቱም መሐል ላይ አይሁን» ካለ ደግሞ 24ቱም ሊለያዩ ይችላሉ፤ ርዝመታቸው ብቻ ሳይሆን የሁለቱም ጫፎቻቸው ማዕዘን ጭምር። እዚህ ላይ ገመዱ ይሸነፋል። ኮምፒውተር የሚያስፈልገውም፣ ምናልባት ማሽን የሚያስፈልገውም ከዚህ ነጥብ ጀምሮ ነው።

በሥነ ሕንፃ ታሪክም ነገሩ የሆነው እንዲሁ ነው። በቁጥር የሚታዘዝ መፈልፈያ ማሽን በአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ለእይታ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1952 ነበር። የሕንፃው ዓለም ግን አርባ ዓመት ያህል ብዙም ፊቱን አላዞረለትም፤ የሚሠራው ነገር ቀጥ ያለና ተመሳሳይ ስለነበር አልቸገረውም። አርክቴክቱ ፍራንክ ጌሪ እ.ኤ.አ. ለ1992ቱ የባርሴሎና ኦሊምፒክ ግዙፉን የዓሣ ቅርጽ ሲነድፍ ግን መስመሩ ሁሉ ጠማማ ሆነ። ቢሮው ለአውሮፕላን ሥራ የተዘጋጀውን ካቲያ የተባለ ሶፍትዌር ተበድሮ ተጠቀመ፤ በዚሁ መንገድ ሄዶ በ1997 የቢልባኦው ጉገንሃይም ሙዚየም ተከፈተ። በጀርመን የሽቱትጋርት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2010 ያቆሙት ድንኳን መሰል ግንባታ ደግሞ 6.5 ሚሊሜትር ብቻ ውፍረት ካለው ፕላይውድ የተሠራ ሲሆን ቅርጻቸው የማይገናኝ ከ500 በላይ ቁራጮች ነበሩት። እንዲህ ያለውን ሮቦት ቢቆርጠው ይገባል። እኛ ዘንድ የሚታዘዘው ሥራ ግን አብዛኛው እንዲህ አይደለም።

ኮምፒውተሩ ለንድፉ፣ እጁ ለሥራው

ሰዎች «ዲጂታል» ሲባል ማሽኑን ያስባሉ። እኔ በባሕር ዳር ሁኔታ ከሁሉም አስቀድሜ የምመክረው ግን ማሽን የሌለበትን ምርጫ ነው፦ ቅርጹን፣ ልኬቱንና የጭነቱን አወራረድ ኮምፒውተር ያስላ፤ የሚሠራው ግን አናጺና ግንበኛ ይሁን። ይህ የድሃ ማካካሻ አይደለም። በደቡብ አፍሪካ የማፑንጉብዌ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ አርክቴክቱ ፒተር ሪች የነደፈው የጎብኚዎች ማዕከል በቀጭን ጡብ የተሸፈኑ ቅስት ጣሪያዎች አሉት። ቅስቶቹ በጥንቃቄ የተሰሉ ናቸው፤ ወደ 200,000 የሚጠጋውን የተጨመቀ የአፈር ጡብ ግን የሠሩት የአካባቢው ነዋሪዎች ናቸው። አዲስ አበባም እ.ኤ.አ. በ2010 የሕንፃ ትምህርት ተቋሙ ከዙሪኩ ኢቲኤች ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ሱዱ የተባለውን ባለ ሁለት ፎቅ የሙከራ ቤት ከአፈርና ከእንዲህ ዓይነት ቅስት ሠርቷል። እውቀቱ ስሌቱ ውስጥ ነው፤ እጁ ግን የአገሬው ነው።

በተግባር እንዲህ ነው የሚሠራው። ንድፍ አውጪው የሚያስቸግረውን ቁራጭ በትክክለኛ መጠኑ በፕሎተር፣ ማለትም ትልልቅ ወረቀት በሚያትም ማሽን፣ ወረቀት ላይ ያትማል። ኤ0 ወረቀት 841 በ1189 ሚሊሜትር ስለሆነ ረጅሙን ቁራጭ ከፋፍሎ ማተም ይቻላል። ወረቀቱ በቀጭን ፕላይውድ ላይ ይለጠፋል፣ ይቆረጣል፣ አብነት ይሆናል። አናጺው ከአብነቱ ላይ ይገለብጣል። ሁለት ጥንቃቄ አለው። አንደኛ፣ ፕሎተር ቤቱ ፋይሉን «በወረቀቱ ልክ» ብሎ አሳንሶ እንዳያትመው ሥዕሉ ላይ የ500 ሚሊሜትር መስመር አስምሩና እዚያው በሜትር ለኩት። ሁለተኛ፣ ወረቀት በክረምት እርጥበት ይለጠጣል፤ አትሙት፣ በዚያው ቀን ለጥፉት።

በዚህ መንገድ ስሠራ ትልቁን ትምህርት ያገኘሁት ከሶፍትዌር ሳይሆን ከአንድ አረጋዊ አናጺ ነው። የባሕር ዛፍ ወራጅ ያለበት ንድፍ ይዤ ሄድኩ፤ ልኬቱ ሁሉ በሚሊሜትር ተጽፏል። ወረቀቱን ተመለከቱና አንዱን ግንድ በእግራቸው አንከባለሉት።

«ልጄ፣ ይህ እንጨት እኮ ራሱ ቀጥ አላለም። ሚሊሜትሩን ከየት ላይ ተነሥቼ ልለካልህ?»

«ጋሼ፣ ታዲያ ከየት ይለካ?»

«ከሚጋጠምበት። መሐሉ እንደፈለገ ይጣመም፤ መጋጠሚያው ልክ ከሆነ ቤቱ ይቆማል።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ንድፎቼን የማወጣው ከመጋጠሚያ እስከ መጋጠሚያ ነው። ቀጥዬ የምላቸው ነገሮች ብዙዎቹ ከዚህች ንግግር የመጡ ናቸው።

የእጅ ሥራ የሚሸነፍበት ቦታም አለ፤ አልደብቅም። ከአስር በላይ የተለያዩ ማዕዘኖች ሲኖሩ አብነቱ ይምታታል፣ ስህተቱም ከአንዱ ወደ አንዱ እየተላለፈ ይጠራቀማል። ሲሳሳቱ ደግሞ የሚታወቀው መጨረሻ ላይ፣ ጉልላቱ አልዘጋ ሲል ነው።

ሲኤንሲ ራውተር

ይህን በሚሽከረከር ምላስ የሚቆርጥ ማሽን በአብዛኛው የምታገኙት ፈርኒቸር ቤትና ማስታወቂያ ቤት ነው። የሚያውቀውም በዋናነት ጠፍጣፋ ሉህ ነው፦ ፕላይውድ፣ ኤምዲኤፍ፣ ቺፕውድ፤ የሉሁ መደበኛ መጠን 1220 በ2440 ሚሊሜትር። እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ2011 የተጀመረው ዊኪሃውስ የተባለው አሠራር የሚያረጋግጠው ይህ ማሽን ብቻውን የቤት አጽም መቁረጥ እንደሚችል ነው፤ የፕላይውድ ቁራጮቹ ተሰካክተው በመዶሻ ይያያዛሉ። ስለዚህ አቅሙን አልጠራጠርም። የምጠራጠረው በሐይቅ ዳር አየር ላይ ነው።

ጉዳዩን ከራሴ ጥፋት ልጀምር። በአንድ በረንዳ ላይ ወደ ሐይቁ የሚያይ ፍርግርግ መጋረጃ ከኤምዲኤፍ አስቆረጥኩ። ጥለቱ ያማረ፣ ቀለሙም ሦስት ጊዜ የተቀባ ነበር። አንድ ክረምት አለፈበት። መስከረም ላይ ስመለስ የእያንዳንዱ ቀዳዳ ጠርዝ አብጦ ቀለሙን ፈልቅቆታል። ኤምዲኤፍ የተጨመቀ የእንጨት ብናኝ ነው፤ ውሃ የሚጠጣው በተቆረጠው ጠርዙ በኩል ነው፣ ፍርግርግ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ጠርዝ ነው። ስለዚህ ኤምዲኤፍ ቤት ውስጥ ይቅር። ሲቆረጥም ብናኙ በጣም የደቀቀ ስለሆነ ከሳንባ አይወጣም፤ የሚቆርጠው ልጅ ጭንብል ማድረጉን ራሳችሁ አረጋግጡ።

ፕላይውድ ከሆነስ? ለውጭ የሚሆነው ሙጫው ውሃ የሚችል ነው። ሻጩ «ውሃ አይነካውም» ሲላችሁ ቁራጭ ለምኑትና እቤት በድስት ሁለት ሦስት ሰዓት ቀቅሉት። ንብርብሩ ከተላቀቀ የቤት ውስጥ ነው። ይህን ፈተና አልፎም ቢሆን የተቆረጠው ጠርዝ ሁሉ በቫርኒሽ ወይም በቀለም መዘጋት አለበት፤ ፊቱን ቀብቶ ጠርዙን መተው ጃንጥላ ይዞ በባዶ እግር ጭቃ እንደ መግባት ነው።

ስለ ልኬት ሦስት ነገር እወቁ። መቁረጫ ምላሱ 6 ሚሊሜትር ከሆነ ውስጠኛ ማዕዘን ሁሉ 3 ሚሊሜትር ሬዲየስ ይዞ ይቀራል፤ ሹል ማዕዘን አይወጣም። ካሬ ምላስ ካሬ ቀዳዳ ውስጥ እንዲገባ ወይ ንድፍ አውጪው ማዕዘኑ ላይ ትንሽ ክብ ማስተንፈሻ ይጨምር፣ ወይ አናጺው በመሮ ያጽዳው። ሁለተኛ፣ 18 ተብሎ የተሸጠ ፕላይውድ በካሊፐር ሲለካ 17.5 ወይም 18.4 ሊወጣ ይችላል። የሚሰካካ ሥራ ከሆነ የገዛችሁትን ሉህ ለክታችሁ ከዚያ በኋላ ፋይሉ ይስተካከል፤ ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ አንዱ ይላላል፣ ሌላው አልገባም ይላል። ሦስተኛው የወቅት ነገር ነው። በተለይ ድፍን እንጨት ከሆነ በሐምሌ ልክ ተደርጎ የተሰካ መጋጠሚያ በየካቲት ይላላል፤ በየካቲት አጥብቃችሁ የሰካችሁት ደግሞ በሐምሌ ይነፋል። ባሕር ዛፍ በዚህ በኩል ጠባዩ ከባድ ነው፤ ሲደርቅ ይሸማቀቃል፣ ይጠማዘዛል። ሳይደርቅ ማሽን ላይ አይውጣ።

ስለ ከተማችን ከፍታ ደግሞ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ። አንዳንድ ሲኤንሲ ጠረጴዛ ሉሁን የሚይዘው አየር ስቦ ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ እዚህ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ አንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ጠረጴዛው ሉሁን የሚጫንበት ኃይልም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ትልቁን ሉህ አይጎዳውም፤ ትንንሽ ቁራጭ ግን ተቆርጦ ሲያልቅ ይንሸራተታል። ንድፍ አውጪው በየቁራጩ ዙሪያ ሁለት ሦስት ቦታ ያልተቆረጠ ቀጭን ማያያዣ ይተው፤ በኋላ በመጋዝ ይላቀቃል።

መብራት ሲጠፋስ? ግማሽ ሉህ ተቆርጦ መብራት ጠፋብን። ሲመለስ ማሽኑ የቆመበትን ረስቶ ነበር፤ ሠራተኛው በዓይን አስተካክሎ ቀጠለ፣ ቁራጮቹ 4 ሚሊሜትር ተዛንፈው ወጡ፣ ሉሁ ተጣለ። አሁን ከምንም በፊት ሉሁ ላይ ሁለት ራቅ ራቅ ያሉ የማመሳከሪያ ቀዳዳዎች አስበሳለሁ። መብራት ቢጠፋም ምላሱ ወደ እነዚያ ቀዳዳዎች ተመልሶ መነሻውን ያገኛል። ማሽን ቤት ስትመርጡ «ስንት ዘንግ አለው?» ብላችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት «መብራት ሲጠፋ ምን ታደርጋላችሁ?» በሉ። አፋቸውን ሞልተው የሚመልሱላችሁን ምረጡ።

ሌዘር

ሌዘር በአጭሩ የማኬት (የትንሽ ሞዴል) እና የጽሑፍ ማሽን ነው። በማስታወቂያ ቤቶች የሚታየው ዓይነት ቀጭን ፕላይውድና አክሪሊክ ንጹህ አድርጎ ይቆርጣል፤ ብረት አይቆርጥም፣ ወፍራም እንጨትም ያከስላል። የጥላችሁን ሞዴል በ1፡20 አስቆርጡበት፤ ሙሉውን ከመሥራት በፊት ስህተት የሚታይበት ርካሹ ቦታ ይህ ነው። ፒቪሲ የተባለው ፕላስቲክ ግን በፍጹም ሌዘር ላይ አይውጣ፤ ሲቃጠል ሳንባን የሚያቆስል፣ ማሽኑንም የሚያዝግ ሃይድሮጅን ክሎራይድ የተባለ ጋዝ ያወጣል።

ፕላዝማና የብረት መጋጠሚያ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ለጣና ዳር ከማሽኖቹ ሁሉ ይበልጥ የሚጠቅመን ይህ በጣም በጋለ ጋዝ ብረት የሚቆርጠው ማሽን ነው ብዬ ስለማምን ነው።

ጋሼ ያሉኝን አስታውሱ፦ መሐሉ ይጣመም፣ መጋጠሚያው ልክ ይሁን። እንግዲያስ ማሽኑን መጋጠሚያው ላይ ብቻ እናውለው። ሞላላው ጥላችን 24 ወራጅ አለው እንበል። ወራጁ ተራ የደረቀ ባሕር ዛፍ ወይም ቱቦላሬ ይሁን፤ በእጅ በመጋዝ ይቆረጥ። እያንዳንዱ ወራጅ ግርጌውና አናቱ ላይ ግን 6 ሚሊሜትር ላሜራ ይጨብጠዋል። ማዕዘኑን የሚወስነው ላሜራው ነው፤ የብሎኑን ቦታ የሚወስነውም ላሜራው ነው። ሰባት ዓይነት ቢሆን፣ ሃያ አራት ዓይነት ቢሆን ለፕላዝማ ማሽኑ ልዩነት የለውም፤ የሚከተለው መስመር ነው። በያጁም ማዕዘን መለካት አይጠበቅበትም። ቁጥሩን ማሽኑ ራሱ በላዩ ላይ ይጻፍበት፤ «7 ግርጌ»፣ «7 አናት» የሚል ላሜራ ከያዘ የቀን ሠራተኛውም ጣሪያውን ያቆማል።

በዚህ ምርጫ የምትገዙት የማሽን ሰዓት በጣም ትንሽ ነው፤ የሚቆረጠው ሁሉ ተደራርቦ በአንድ ሁለት ሉህ ላሜራ ላይ ይወጣል። ምስጥ አንዱን ወራጅ ቢበላው ደግሞ ብሎኑ ተፈትቶ ሌላ ግንድ ይገባል፤ ሽቱትጋርት መደወል አያስፈልግም። የሐይቁ ዳርቻ ጉዳይም አለ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 ጣናን የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ብሎ መዝግቦታል፤ እዚያ ዳር ላይ የሚቆም ነገር ተፈትቶ ሊነሣ የሚችል ቢሆን ደስ ይለኛል። በብሎን የተያዘ ይነሣል፤ የተበየደና ኮንክሪት የፈሰሰበት አይነሣም።

ፕላዝማ የራሱ ጠባይ አለው። የሚቆርጥበት መስመር ራሱ ወርድ ስላለው፣ በቀጭን ላሜራ ላይ እንኳ ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር ስለሚበላ፣ በጣም ደቃቅ ጥለት ይጠፋል። ጠርዙ ትንሽ ዘምበል ይላል። ቀጭን ላሜራ በሙቀቱ ይጣመማል። ትንሽ ቀዳዳም በደንብ አይወጣለትም፤ ስለዚህ የብሎን ቀዳዳውን ማሽኑ መሐሉን ብቻ ምልክት ያድርግ፣ ቀዳዳውን በትራፓን ብሱት። የብረት ሌዘር ያለው ቤት ካገኛችሁ ጠርዙም ቀዳዳውም ይነጻል፤ ዋጋውን አወዳድሩ።

ዝገትን በተመለከተ ጣና ጨው አልባ ውሃ ስለሆነ እንደ ባሕር ዳርቻ ከተሞች ብረት አይበላብንም። ሆኖም ጋልቫናይዝድ ላሜራም ቢሆን የተቆረጠው ጠርዙ ላይ ዚንኩ የለም፤ ዝገቱ የሚጀምረው ከዚያ ነው። አንቲረስቱ ጠርዙን ሁለት ጊዜ ይንካው።

አንድ ለፊደላችን የሚሆን ማስጠንቀቂያም ልጨምር። ብዙ ሰው በላሜራ ላይ ስም ያስቆርጣል። «ዓባይ» ብላችሁ ስታስቆርጡ የ«ዓ» ክብ ውስጡ ይወድቅና ባዶ ቀዳዳ ይቀራል፤ «መ»፣ «ወ»፣ «ቀ» ሁሉም እንዲሁ ናቸው። ውስጡ እንዳይወድቅ ንድፍ አውጪው በቀጭን ድልድይ ከዙሪያው ጋር ያያይዘው። ጽሑፉንም ወደ መስመር ቀይሮ ይስጥ፤ የማሽን ቤቱ ኮምፒውተር የግዕዝ ፊደል ከሌለው ስማችሁ ባዶ ሳጥን ሆኖ ይቆረጣል።

ስሪዲ ፕሪንተር

ማላዊ ሳሊማ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2021 የትምህርት ቤት ግድግዳ ድብልቁን በንብርብር እየደረበ በሚገነባ ስሪዲ ፕሪንተር በ18 ሰዓት ታትሞ ቆሟል። በዚያው ዓመት ጣሊያን ማሳ ሎምባርዳ ላይ ቴክላ የተባለው ቤት ከአካባቢው አፈር ወደ 200 ሰዓት በሚሆን ሥራ ታትሟል። ሁለቱንም አደንቃለሁ፤ የአፈሩ በተለይ ልቤን ይነካዋል። ለሐይቁ ዳር ጥላ ግን ዛሬ አልመርጠውም። የታተመው ግድግዳ ነው፤ መሠረቱ፣ ጣሪያው፣ በርና መስኮቱ ሌላ ሥራ ነው። ጥላ ደግሞ ከሁሉ በላይ ጣሪያ ነው። በተጨማሪ በዙሪያችን ብዙ ቦታ ያለው መሬት ዋልካ ነው፦ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ብረት የሌለው ወጥ ግድግዳ በእንዲህ ያለ መሬት ላይ መሠረቱ በደንብ ካልተሠራ አብሮ ይሰነጠቃል። ማሽኑን አምጥቶ፣ ድብልቁን አስተካክሎ፣ መብራቱን ጠብቆ ለአንድ ጥላ ማተም ከሚያተርፈው የሚያከስረው ይበልጣል።

ትንሹ የጠረጴዛ ፕሪንተር ግን ሌላ ነው። የላሜራውን መጋጠሚያ በፕላስቲክ አትማችሁ በእጃችሁ ገጣጥሙት፤ ብሎኑ ቁልፍ የሚገባበት ቦታ እንዳለው ያኔ ይታያል። ፒኤልኤ የተባለው ፕላስቲክ 60 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚለሰልስ ሞዴላችሁን ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ አትተዉት።

ፋይሉን ከመስጠታችሁ በፊት

የሶፍትዌር ክርክር ብዙ ጊዜ ያባክናል። ክብ ጥላና ፈርኒቸር ከሆነ ስኬችአፕ ወይም አውቶካድ ይበቃል። ያለ ክፍያ መሥራት የሚፈልግ ፍሪካድን ይሞክር። ወራጁ ሁሉ የሚለያይበት ሥራ ከሆነ ግን ራይኖ ከግራስሆፐር ጋር ይሻላል፤ ቅርጹን ስትለውጡ የወራጆቹ ርዝመት፣ ማዕዘንና ቁጥር አብሮ ይለወጣልና።

እዚህ ላይ ለንድፍ አውጪያችሁ የምትሉት አንድ ነገር አለ፤ ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ እሱን ብቻ ብትይዙ ይበቃኛል፦ «24ቱን ዓይነት ወደ 7 አውርድልኝ።» ሶፍትዌሩ እየተለያዩ የሚሄዱ ቅርጾችን ለመውለድ እንደሚያገለግል ሁሉ፣ ተቀራራቢዎቹን ወደ አንድ ለማምጣትም ያገለግላል። ሁለት ሴንቲሜትር የሚለያዩ ወራጆችን አንድ ማድረግ ዓይን አያየውም፤ ኪስ ግን ያውቀዋል። ጎበዝ ንድፍ አውጪ በአንድ ከሰዓት ይህን ያደርጋል፣ እናንተም የማሽንና የአናጺ ቀናት ታተርፋላችሁ። ለንድፉ የምትከፍሉት ገንዘብ የሚቆረቁራችሁ ከሆነ ይህን አስቡ።

ለማሽን ቤቱ የሚሰጠው ፋይል በሚሊሜትር ይሁን፣ መስመሮቹ የተዘጉ ይሁኑ፣ አንዱ በሌላው ላይ የተደረበ መስመር አይኑር። የተደረበ መስመር ካለ ማሽኑ ያንኑ ሁለት ጊዜ ይቆርጣል፤ እናንተም ሁለት ጊዜ ትከፍላላችሁ። ዋጋ ስትጠይቁም በደቂቃ፣ በሜትር ወይም በሉህ መሆኑን አስቀድማችሁ ተግባቡ። ጥለት ለበዛበት ሥራ በሉህ መዋዋል ለእናንተ ይሻላል፤ ቁራጩ ትልልቅና ጥቂት ከሆነ በሜትር።

እኔ ብሆን

ክብ ጥላ ከሆነ ንድፉን ገዝቼ በእጅ አሠራለሁ፤ ማሽን ቤት ደጃፍ አልደርስም። ሞላላ ወይም ዘንበል ያለ ከሆነ ባሕር ዛፍ ወይም ቱቦላሬ ከፕላዝማ ላሜራ ጋር፣ ሁሉም በብሎን። ቤት ውስጥ ያለው የቡና መደርደሪያ፣ ወንበርና ጠረጴዛ በሲኤንሲ ከፕላይውድ ይቆረጥ፤ ማሽኑ ያለ ምንም ሰበብ የሚያምርበት ቦታ ይህ ነው፣ ተመሳሳይ ወንበር ሃያ ጊዜ ሲቆረጥ ሃያኛው ከመጀመሪያው አይለይም። ወደ ሐይቁ የሚያየው ፍርግርግ ከላሜራ ይሁን፤ ከእንጨት መሆን አለበት ካላችሁ ደግሞ ጥለቱ ሰፋፊ ይሁንና በየዓመቱ ከክረምት በፊት ለመቀባት ቃል ግቡ። ሁለት አቅጣጫ የተጠማዘዘ፣ ስልክ ላይ ያያችሁት ዓይነት ጣሪያ ከሆነ ግን መጀመሪያ 1፡20 ማኬቱን በሌዘር አሠሩና ለአንድ ሳምንት ጠረጴዛችሁ ላይ አስቀምጡት። ብዙዎች በሳምንቱ መጨረሻ ወደ ሞላላው ይመለሳሉ። ያልተመለሰም ካለ በእውነት ስለሚፈልገው ነው፤ ደስ ብሎኝ እሠራለታለሁ።

የቱንም ብትመርጡ ሙሉውን ከማዘዛችሁ በፊት አንድ መጋጠሚያ ብቻ አሠሩ፦ አንድ ላሜራ፣ ሁለት ክንድ የሚያህል ወራጅ፣ ብሎኑ ከነዳዶውና ከነሮንዴላው፣ ቀለሙም እንደሚቀባው ሆኖ። ሰኔ መጨረሻ ላይ ቦታው ላይ፣ ዝናቡ በሚመታበት በኩል ስቀሉት። ጳጉሜን ላይ ዳዶውን በቁልፍ ፍቱት። ከተፈታላችሁ፣ እንጨቱ ከላሜራው ሥር ካልጠቆረ፣ ጠርዙም ካልዛገ፣ ሙሉውን እዘዙ፤ ጥቅምትና ኅዳር ደረቅ ናቸው፣ ጣሪያው ለገና ይደርሳል።